ሙሽሪት ያለ ሚዜ አትወጣም

በሰፈራችን መኪናዬን «ሙሽሪት» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ሰሚት ከሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን በር ላይ የሚቀመጡ ወጣቶች ናቸው። ጠዋት ሞተሯ እንቢ ሲል አራት አምስት ሆነው ከኋላ ይገፏታል። መንቀሳቀስ ስትጀምር «ሆ!» እያሉ ያጨበጭባሉ፤ እኔ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ተንዘፍዝፋ ትነሳለች። ያን ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ ሳይታክት «ሙሽሪት ያለ ሚዜ አትወጣም!» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን አብሬ እስቅ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግን መስኮቱን ዘግቼ መሄድ ጀመርኩ።

ፋርማሲስት ነኝ። በመድኃኒት ቤት የገባና የወጣ ዕቃ ሳይመዘገብ አያድርም፤ ይህ ልማድ ወደ መኪናዬም ተሻገረና ለሙሽሪት ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ከፈትኩላት። ቀኑ፣ የተባለው በሽታ፣ የተቀየረው ዕቃ፣ የከፈልኩት ብር ይጻፍበታል። እስካሁን 31 መስመር ሞልቷል። ድምሩ 187,450 ብር ነው። መኪናዋን የገዛኋት በ210,000 ብር ነበር። ባለቤቴ ይህን ደብተር ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ «ለደም ግፊትሽ ብለሽ አቃጥይው» ብሎኛል አንድ ቀን።

የገዛኋት በግንቦት 2011 ነው። በፈረንጆቹ 1998 የተሠራች፣ ከአውሮፓ የመጣች፣ ነጭ የቤት መኪና ናት። የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ «ቪትዝ ግዢ፤ መለዋወጫዋ እንደ ሽንኩርት በየጉልቱ ይገኛል» ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ቪትዟ በእጄ ካለው ገንዘብ ወደ መቶ ሺህ ብር ያህል ትርቅ ነበር። ደላላው ደግሞ አንደበቱ ማር ነው። «ዶክተር ነው የያዛት። ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት። ዝናብ እንኳ አልመታትም» አለኝ። ሊብሬው ላይ ስም ሲዞር ያገኘሁት ሻጭ የብሎኬት ነጋዴ ነበር። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። በዓመቱ በ2012 የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ ወጥቶ ያገለገሉ መኪኖች ዋጋ ሲሰቀል ግን ጎበዝ ነጋዴ የሆንኩ መሰለኝና ጥርጣሬዬን ረሳሁት።

የመጀመሪያው ሕመም ገና በወሩ መጣ። ሥራዬ ስድስት ኪሎ አካባቢ ስለሆነ በመገናኛ አድርጌ፣ የእንግሊዝ ኤምባሲን አልፌ፣ ቀበና ድልድይን ተሻግሬ ወደ አራት ኪሎ እወጣለሁ። ዳገቱ ረጅም አይደለም፤ ጠዋት ግን መኪኖች እርስ በርስ ተያይዘው ነው የሚወጡት። እዚያ መካከል ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀስ እያለ ከመሃል ተነሳና ወደ ቀዩ ተጠጋ። ከኮፈኑ ስር የድስት ክዳን ሲንጫጫ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ እንፋሎት። ከኋላዬ የነበረው ሚኒባስ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «ቡና አፈሉ?» አለኝ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ሰዎች የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ተደፍኗል አሉና አጠቡት። በዚያው ቀን መካኒኩ ከሞተሩ አንዲት ትንሽ ዕቃ ፈትቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «ይቺ ቴርሞስታት ትባላለች፤ የተሠራችው ለብርድ አገር ነው፤ እኛ ጋ ምንም አታደርግም» አለኝ። በጣም እርግጠኛ ነበር። ነገሩ እውነት መሰለኝ፤ አውሮፓ ይበርዳል፣ መኪናዋም የመጣችው ከዚያ ነው። ዕቃዋን በመሃረብ ጠቅልዬ ቤት ወሰድኩና ከመርፌና ከአዝራር ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። የተሻለ ነገር የለም። መኪናዋ ጠዋት ለመሞቅ ሃያ ደቂቃ መፍጀትና ቤንዚን እንደ ውሃ መጠጣት ጀመረች፤ ዳገት ላይ ደግሞ እንደ ድሮው ትፈላለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን በዝርዝር ልጻፍ ብል ደብተሩን መገልበጥ ይሆንብኛል። ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ፖምፓ፣ ጓርኒሲዮን። (ጋራዥ ስገባ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ወጣ፣ ቋንቋው ግን እስከ ዛሬ በዘይት በጨቀየ ቱታ ውስጥ ተቀምጧል። እኔም ሳላስበው አቀላጥፌ የምናገረው ጣሊያንኛ ይህ ብቻ ነው።) ከቃላቱ ሁሉ ውድ የሆነብኝ ግን ንጹህ አማርኛ ነው፦ «እንየው»። «ፖምፓዋን እንቀይርና እንየው።» «ራዲያተሩን እንለውጥና እንየው።» የምናየው አንድ ላይ ነው፣ የምከፍለው እኔ ብቻ ነኝ። ተለውጦ ካልሠራም «እሱም ጊዜው ደርሶ ነበር» ይባላል። የዚህ አገር ዕቃ ሁሉ ጊዜው የሚደርሰው እኔ ብር የያዝኩ ዕለት ነው።

ንዴቴ ግማሹ በራሴ ላይ ነው። በየቀኑ መስኮቴ ላይ የሚቆሙ ሰዎች «ልጄ አተኩሷታል፤ አሞክሳሲሊን ስጪኝ» ይሉኛል። እኔም ትኩሳት በራሱ በሽታ አለመሆኑን፣ መጀመሪያ ሐኪም ማየት እንዳለበት፣ ምርመራ መቅደም እንዳለበት አስረዳለሁ። አንዳንዱ ተቆጥቶ ይሄዳል። እኔ ይህን ስናገር የምውል ሴት፣ ማታ ጋራዥ ገብቼ «ሙቀቷ ወጥቷል፤ የሆነ ነገር ቀይሩላት» እላለሁ። አንድም ቀን «ከመቀየራችሁ በፊት ምን እንደሆነ እንዴት አወቃችሁ?» ብዬ አልጠየቅኩም። ብጠይቅም ደግሞ መልሱ ለእኔ አይሰጥም ነበር። ሁለተኛው ጋራዥ ውስጥ ጥያቄ ባነሳሁ ቁጥር «እህቴ፣ ባለቤትሽ ይደውልልን፤ ለእሱ እናስረዳዋለን» ይሉኝ ነበር። ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ የለውም። አንድ ቀን ደውሎላቸው ሩብ ሰዓት ሙሉ «እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ» ሲል ቆየና ስልኩን ዘግቶ «ምን እንዳሉ አንድም አልገባኝም» አለኝ።

በ2012 መጨረሻ ራዲያተር ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቦታ አይቼ አላውቅም። የመኪና በር እንደ መጽሐፍ ተደርድሮ፣ መብራት በመብራት ላይ ተከምሮ፣ ሰው በብረት ክምር መካከል በጎኑ ነው የሚያልፈው። ልጁ የመኪናዬን ዓይነት ስነግረው ፊቱ ላይ የሐዘን መልክ አነበብኩ፤ የአንቺ ዓይነት ብዙ አትመጣም ለማለት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከየት እንዳመጣው የማላውቀውን ራዲያተር ተሸክሞ መጣ። በጣቱ ጠቋቆመው። «ኦሪጅናል አሮጌ ነው፤ ከአዲስ አስመስሎ ሥራ ይሻላል» አለ። 4,500 ብር ከፈልኩ። ራዲያተሩ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ያንን ልጅ አልወቅሰውም። ችግሩ የነበረኝ የራዲያተር በሽታ አለመሆኑ ላይ ነው።

በ2013 ሌላ መካኒክ ደግሞ ማራገቢያው «በራሱ ጊዜ አይነሳም» አለና ሽቦውን ቀጥታ ቀጠለው፤ ከመሪው በታች እንደ ደወል ያለ ማብሪያ ገጠመልኝ። ዳገት ሲመጣ ማብራት፣ ስቆም ማጥፋት። የመድኃኒት ቤት ሥራ ስምንት ሰዓት ቆሞ መዋል ነው፤ ማታ ደክሞኝ ስገባ ማብሪያዋን እረሳታለሁ። ማራገቢያው ሌሊቱን ሙሉ ይሽከረከራል፣ ባትሪው ጠዋት ይሞታል። የሚዜዎቹ ታሪክ የተጀመረው ከዚህ ነው። ሙቀት ልታክም የገባች መኪና የባትሪ በሽተኛ ሆና ወጣች።

በ2014 የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ከሞተሩ ራስ ስር ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጠለ። ይህኛው እውነት ነበር፤ ዘይቱ ውሃ ገብቶበት ወተት የበዛበት ማኪያቶ መስሎ በዓይኔ አይቻለሁ። ቴስታታው ብረት ወደሚላግበት ቶርኖ ቤት ሄዶ ተስተካከለ፤ አስራ አንድ ቀን በታክሲ ተመላለስኩ፤ 18,000 ብር። «አሁን አዲስ ሆነች» አሉኝ። ለስምንት ወር ያህል በእርግጥ ዝም አለች፤ ምናልባት ተጠንቅቄ በመንዳቴ ይሆናል። ከዚያ መርፌዋ እንደገና ወደ ላይ ማየት ጀመረች።

ወደ ሸኖው ልለፍ። እናቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የ2017 ገና ዋዜማ ላይ ልጄን ከኋላ አስቀምጬ፣ ለእናቴ የገዛሁትን ጋቢ ጭኜ ወጣሁ። በጠዋት ስለሄድን መንገዱ ለቆልን ነበር፤ ዳገቱንም በቀስታ ወጣናት። ሸኖ ከመግባታችን በፊት መርፌዋ ተስፈንጥራ ቀዩ ላይ ተተከለች። ዳር ይዤ ቆምኩ። ኮፈኑን ስከፍት ውሃው ከራዲያተሩ ክዳን ዙሪያ እየተንተከተከ ይወጣል። ነፋሱ ፊት ይልጣል፤ ዙሪያው ጤዛ ነው፤ በዚያ ብርድ ውስጥ የእኔ መኪና ትፈላለች። ሰው ጋቢ ተከናንቦ በሚንቀጠቀጥበት አገር የሚሞቅ ነገር ቢኖር ይህች ብቻ ናት። ከመንገዱ ማዶ ካለ ግቢ አንዲት እናት ቢጫ ጀሪካን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ አትክፈቺው፣ ይፈጅሻል፤ መጀመሪያ ቡና ጠጪ» አሉኝ። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ መኪናዋ በረደች። ውሃ ሞላሁ፤ አንድ ኪሎ የሸኖ ለጋ ቅቤ ገዛሁ፤ ቀሪውን መንገድ ሁለት ጊዜ እየቆምኩ ደረስኩ። እናቴ በር ላይ ጠብቃኝ ያለችው «መኪና ገዛሽ ሲሉኝ ያረፍሽ መስሎኝ ነበር» ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ ጋራዡ «ጓርኒሲዮኑ እንደገና ሄዷል» አለኝ። 41,000 ብር። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ሲነገረኝ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ እንዲደግሙልኝ እጠይቃለሁ። «ሳምንት ስጡኝ» ብዬ መኪናዋን አውጥቼ ሄድኩ።

በዚያ ሳምንት ነው ሽማግሌውን ያገኘሁት። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በየወሩ ከእኔ የሚወስዱ ደንበኛዬ ናቸው፤ አባባ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ላይ የጨረሱ መካኒክ እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ፊቴ ጠቁሮ አይተው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «በአሰብ መስመር ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት ከባድ መኪና ስንጠግን ኖረናል ልጄ። አፋር በረሃ ላይ ያልፈላች መኪና ቀበና ላይ ለምን ትፈላለች? አምጪያት» አሉኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ደጃፍ አቆምኳት። መፍቻ አልያዙም። ሞተሩን አስነስተው እስኪሞቅ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉና ስለ ጡረታ አበላቸው አወሩኝ። ከዚያ ተነስተው በጨርቅ ጠቅልለው የራዲያተሩን የላይኛ ቱቦ ጨበጡት። እንደገና ጨበጡት። «ነይ ያዢው» አሉኝ። ያዝኩት፤ ይሞቃል፣ ግን ልፍስፍስ ያለ ነው፤ እንደ ባዶ አንጀት። «ይህ ሲሞቅ እንደ ተነፋ ጎማ መጠንከር ነበረበት» አሉ። ዘይቱን መዝዘው አዩ፤ ንጹህ ነው። ውሃው ውስጥ አረፋ ፈለጉ፤ የለም። «ጓርኒሲዮንሽ ደህና ነው።» ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀው የራዲያተሩን ክዳን ፈቱና ገልብጠው አሳዩኝ።

ክዳኑን አሁን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከእንጀራ ማቡኪያ ክዳን ሺህ ጊዜ ያነሰ፣ መዳፍ የማይሞላ ነገር ነው። ከስሩ የዛገ ስፕሪንግ አለው፤ ከስፕሪንጉ ጫፍ ላይ ክብ የላስቲክ ቀለበት መኖር ነበረበት። የእኔው ላይ ያለው ግን ከጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በመቀስ የተቆረጠ ክብ ነው፤ የመቀሱ ጥርስ ዳር ዳሩን ሲበላው ይታያል፤ አንድ ጎኑ ከሌላው ይወፍራል። አንድ ሰው፣ ምናልባት ያ የብሎኬት ነጋዴ፣ ምናልባት ከእሱ በፊት የነበረው «ዶክተር»፣ ቁጭ ብሎ በጥንቃቄ ቆርጦታል። ስድስት ዓመት ሙሉ በየጋራዡ እየተከፈተ ሲዘጋ ማንም ገልብጦ አላየውም። እኔም ውሃ ልሞላ መቶ ጊዜ በእጄ ይዤዋለሁ።

አባባ ያስረዱኝ ነገር ትምህርት ቤት የተማርኩት ነው። ውሃ በመቶ ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሸኖ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የመኪና ሞተር በጤናው ሲሠራ ሙቀቱ 90 አካባቢ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው በውስጡ የታመቀው ግፊት ነው፤ ደህና ክዳን ግፊቱን ሲይዝ ውሃው እዚህ ከተማ ውስጥ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ካልያዘ ግን መኪናዋ ክፍት ድስት ናት። በረሃ ያላፈላትን ደጋ የሚያፈላት ለዚህ ነው። እኛ ቤት ባቄላ በፕሬዠር ኩከር የምንቀቅለው በምን ምክንያት ሆነና! እናቴ እንኳ ይህን ታውቃለች፤ የፊዚክስ ስሙን ባታውቀውም።

«ቴርሞስታቷስ?» አሉኝ። ለብርድ አገር ስለሆነች ወጥታለች ብዬ ስነግራቸው ግንባራቸውን ያዙ። በእኔ መኪና ሞተር ያቺ ዕቃ ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ከፍታ በጎን የሚመልሰውን ትዘጋለች፤ እሷ ከሌለች የሞቀው ውሃ ከፊሉ በራዲያተሩ ሳያልፍ ዞሮ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ማለትም ለማቀዝቀዝ ተብሎ የወጣችው ዕቃ ማቀዝቀዙን ስታግዝ የነበረች ናት።

ያን ማታ ቤት ገብቼ መሳቢያዬን ገለበጥኩ። መሃረቡ ውስጥ አለች። ጎኗ ላይ 88 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። ትንሽ ድስት ውሃ ጣድኩ፤ ቴርሞስታቷን በክር አንጠልጥዬ ውሃ ውስጥ ሰቀልኳት፤ ከአጠገቧ ቴርሞሜትር ያዝኩ። ልጄ መጥታ «እማዬ፣ ሾርባ ነው?» አለች። ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዝም። ሰማንያ ስምንት ላይ ሲደርስ የመዳቡ ክዳን እንደሚያዛጋ አፍ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ፈላ፤ ቴርሞሜትሩን አየሁት፤ 92። ጋዙን አጥፍቼ ጠበቅኩ፤ ሲቀዘቅዝ አፏን ዘጋች። ስድስት ዓመት ከአዝራር ጋር የተቀመጠች ዕቃ ሥራዋን አልረሳችም። እውነቱን ለመናገር ወጥ ቤት ቆሜ እንባዬ መጣ፤ ከንዴት ይሁን ከሌላ አላውቅም።

አዲሱ ክዳን 1,800 ብር ነበር። ቴርሞስታቷ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። የማራገቢያው ሽቦ እንደ ድሮው ተቀጠለ፤ ያቺን ማብሪያም ከመሪው በታች ነቅዬ ጣልኳት። ከቧንቧ ውሃ ፈንታ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ተደባልቆ ገባ። አባባ ገንዘብ አልቀበልም ብለው ብዙ ከተከራከርን በኋላ አንድ ኪሎ ቡና ተቀበሉኝ። ጋራዡ ደውሎ «ጓርኒሲዮኑን መቼ ልታስቀይሪ ነው?» ሲለኝ «ባለቤቴ ይደውልላችኋል» አልኩ።

ሽጫት የሚሉኝ አሉ። ለማን? ደላላው ሐሳብ አለው፦ «ጠዋት ሳትሞቅ እናሳያት።» ያን ቀን ሌላዋ እኔ፣ ገንዘብ ቆጥራ የመጣች አንዲት ሴት፣ ትታየኛለች። ደግሞ ሸጬስ ምን እገዛለሁ? ከ2016 ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ የቀሩት አሮጌዎች ዋጋቸው እንደ ቤት ይቀመጣል። ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ስትወጣ ድምፅ የላትም፤ መፍላቱን ተወው፣ ቤንዚን ሰልፍ እንኳ አታውቅም። መብራት በጠፋ ምሽት ግን በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ ሰማይ ሲያይ አገኘዋለሁ፤ ያን ጊዜ ትንሽ ደስ እንደሚለኝ አልደብቅም።

አሁን ቀበና ላይ መርፌዋ ከመሃል አትነቃነቅም። እኔ ግን አሁንም ዳገቱን የምወጣው ከመንገዱ ይልቅ እሷን እያየሁ ነው፤ ባለፈው ወር በዚህ ምክንያት የአንድ ታክሲ ፓራፋንጎ ነክቻለሁ። እሱም በደብተሩ ገብቷል፣ 31ኛው መስመር።

ትናንት ጠዋት ቁልፉን ሳዞር «ጠቅ» ብቻ አለች። ባትሪው ደህና ነው፣ መብራቱ ይበራል፤ እንደገና ሳዞር «ጠቅ»። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይመስለኛል፤ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ፤ ሳይመረመር ምንም እንደማላስነካ ወስኛለሁ። ለአባባ ልደውል ስልኬን ሳወጣ ልጆቹ ከድንጋያቸው ላይ ተነስተው እጃቸውን እያፍተለተሉ ይመጡ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ሥራ ፈትተው ነበርና ደስታቸው ከሩቅ ይታያል። ትልቁ መስኮቴን በጣቱ መታ መታ አደረገና «እትዬ፣ ሁለተኛ ማርሽ አይርሱ» አለኝ።